«አሁን እኮ ፀጥ ብሏል»

ዛሬ ከራሴ ስህተት ልጀምር። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።)

አንዲት እናት ስኪዞፍሬንያ ያለበትን ልጃቸውን ለክትትል ይዘውት መጡ። «ዶክተርዬ፣ ተመስገን ነው! አሁን እኮ ፀጥ ብሏል፤ ብቻውን ማውራቱንም ትቷል» አሉኝ። እኔም ድምፅ ይሰማው እንደሆነ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኩት። መልሱ ሁሉ ጥሩ ነበር። ማዘዣ ጻፍኩ።

እናትየው ቀድመው ሲወጡ ልጁ ቀረት አለ። «ዶክተር፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ግባ ይሉኛል። ቡና ሲፈላም አይጠሩኝም። እኔ ባልኖር ማን ልብ ይላል?» አለኝ።

ስለ ሀዘኑ አንድም ነገር አልጠየቅኩትም ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠየቅኩት። አስቧል። በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ላክናቸው።

እናትየው ሲሰሙ አለቀሱ። «ሰው እንዳያሳቅቀው ብዬ እኮ ነው የምደብቀው» አሉ።

ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በሆነ ወቅት ድብርት ያገኛቸዋል፤ ራስን የማጥፋት አደጋውም ከሌላው ሰው ይበልጣል። አንዳንዴ ድብርቱ የሚመጣው ሕመሙ ጋብ ብሎ ሰውየው ያጣውን ትምህርት፣ ሥራና ጓደኛ ማየት ሲጀምር ነው። ምልክቱ ከሕመሙ ወይም ከመድኃኒቱ ድካም ጋር ስለሚመሳሰል ቤተሰብ «ሰነፈ» ይላል፤ እኛ ሐኪሞችም እናልፈዋለን።

መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በአገራችን በሶዶ ወረዳ የተሠራና በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ከጤና ጣቢያ ሕክምና በተጨማሪ ቤት ለቤት ድጋፍ ያገኙ ሕሙማን ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት እንደቻሉ አሳይቷል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ፦
✔️ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» በሉት።
✔️ ቡና ሲፈላ ጥሩት፤ የሚችለውን ሥራ ስጡት።
✔️ ዝም ካለ፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቀው፣ ተስፋ የመቁረጥ ቃል ከተናገረ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ አምጡት፤ ብቻውን አትተዉት።
✔️ ስለ ሞት አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ጠይቁት።
✔️ መድኃኒቱን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ከወራት በኋላ እናትና ልጅ ተመልሰው መጡ። ሀዘኑ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ክትትሉም አልተቋረጠም። ግን እንግዳ ሲመጣ አሁን ስኒ የሚያቀርበው እሱ ነው።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ።