ማየትን የተማርኩበት አደባባይ

ፎቶ ማንሣት ከመጀመሬ በፊት አምስት ዓመት ያህል ስለ ካሜራ ሳወራ ኖሬያለሁ። ቤቴ ከምኒልክ አደባባይ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድም ማታ ስመለስም ሐውልቱን አልፌ ነው። በዚያ መንገድ ላይ «ጥሩ ካሜራ ስገዛ አነሣዋለሁ» እያልኩ ያለፍኩት ብዙ ነው፤ ዛሬ በቦታው የሌለውም ብዙ ነው። ምናልባት እናንተም አሁን ገንዘብ እያጠራቀማችሁ፣ ማታ ማታ የካሜራ ዋጋ ስታወዳድሩ ታመሹ ይሆናል። እኔም እዚያው ነበርኩ። እነዚህን ስምንት ነገሮች ቀድሜ ባውቃቸው ኖሮ ጊዜም ገንዘብም ይተርፈኝ ነበር።

1. ዓይን በስልክም ይሠለጥናል።

ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጉርድ ፎቶ ልነሣ ሄጄ ፎቶ አንሺ መሆን እንደምፈልግ፣ ካሜራ ግን እንደሌለኝ ነገርኳቸው።

«እጅህ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስልክ ነው ጋሼ። ካሜራው ግን ጥሩ አይደለም።»

«እንግዲያው ሂድና የምኒልክን ሐውልት ከአሥር ቦታ አንሥተህ አምጣልኝ።»

ከሦስተኛው በኋላ የማነሣው ጠፋኝ። ሐውልቱ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ዋዜማ እንደተመረቀ፣ ፋሺስት ነቅሎ እንደቀበረው፣ ከነፃነት በኋላም ወደ ቦታው እንደተመለሰ ለጠየቀኝ ሁሉ እተርክ ነበር። ምኒልክ የተቀመጡበት ፈረስ ስንት እግሩ መሬት እንደሚነካ ግን አላውቅም ነበር። ጎንበስ ስል ሁለቱ የፊት እግሮች ሰማዩ ላይ ወጡ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስል ከኋላ የነበረው ምሰሶ ተሸሸገ። አሥሩን ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለካስ በየቀኑ ማለፍና ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

2. ብርሃን ሰዓት አለው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የማነሣው በምሳ ሰዓት ነበር። የሰዎቹ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ አፍንጫቸው ሥር ጥቁር ጥላ ይተኛል። ጥፋቱን በስልኬ አመካኘሁ፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ከፍታችን ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ጥላውም ይበልጥ ይጠቁራል። ከውጭ አገር ቪዲዮዎች ደግሞ «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉትን የጠዋትና የማታ ብርሃን ተማርኩና እንደነሱ አገር ረጅም መሰለኝ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትወርድ ያ ብርሃን ቶሎ ያልቃል። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አደባባዩ ላይ እገኛለሁ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ሰው የማነሣው በረንዳ ጥላ ሥር ነው። ለፎቶ አይሆንም ብዬ እቤት የምውልበት ክረምት ደግሞ ለሰው ፊት የሚስማማው ብርሃን ያለበት ወቅት ሆኖ አገኘሁት። ደመናው ብርሃኑን እንደ ስስ መጋረጃ ያለዝበዋል።

3. ካሜራ ነጠላ አያውቅም።

ወር በገባ በ23 ምእመናን ከአራዳ ጊዮርጊስ ሲወጡ ለማንሣት የጓደኛዬን ካሜራ ተውሼ ቆምኩ። ያ ሁሉ ነጭ ነጠላ በፎቶው ላይ አመድማ ሆነ፤ ፊቶቹም ከሚገባው በላይ ጠቆሩ። ካሜራው የተበላሸ መሰለኝ። ካሜራ ግን የብርሃኑን መጠን የሚገምተው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት እየሞከረ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ እንደሆነ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። ሐውልቱንም ከደማቅ ሰማይ አንጻር ሲያይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ነሐሱ ከሰል የሚመስለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 ገደማ ማድረስ፣ ወይም ልኬቱን በሚነሣው ሰው ፊት ላይ መውሰድ ነው። የእኛን ጠይም ፊት በሚገባው ብርሃን ለማሳየት ካሜራውን ማረም የአንሺው ኃላፊነት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ነጠላው ጥቂት ቢነጣ ፊቱ ይበልጣል።

4. የተንቀጠቀጠ ፎቶ አይድንም።

የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ሲከበር ያንኑ ካሜራ ይዤ በማለዳ አደባባዩ ላይ ደረስኩ። «አይ.ኤስ.ኦ ከ100 ከበለጠ ፎቶው ይሻክራል» የሚል ምክር ሰምቼ ስለነበር 100 ላይ ቆልፌዋለሁ። ጎፈር የደፋ ፎካሪ ጋሻና ጦሩን ይዞ ሲዘል ተከታትዬ አነሣሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ሁሉም የሸሸ ጭስ ይመስላል። ካሜራው ብርሃን ሲያንሰው ሹተሩን እስከ 1/30 ሰከንድ አዘግይቶት ኖሯል።

ሽማግሌው በመስኮት አስረዱኝ። «መስኮቱን ምን ያህል ከፈትከው? ለስንት ጊዜ ከፈትከው? እቤት ያለው ሰው ዓይኑ ብርሃን ምን ያህል ይቀበላል?» የመጀመሪያው አፐርቸር፣ ሁለተኛው ሹተር፣ ሦስተኛው አይ.ኤስ.ኦ ነው። አንዱን ስትቀንስ ከሌላው ትሞላለህ አሉኝ። በቀጣዩ ዓመት ሹተሩን 1/500 ላይ አድርጌ አይ.ኤስ.ኦውን 1600 ድረስ ለቀቅኩት። ፎቶዎቹ ትንሽ ሻካራ ናቸው፤ የፎካሪው አፍ ግን ቃሉን ሲያወጣ ይታያል።

5. ገንዘቡ ለሌንሱ።

የሦስት ዓመት ቁጠባዬን በሙሉ አውጥቼ ያገለገለ፣ ባለሙያዎች የሚይዙት ዓይነት፣ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን መቀበያ) ያለው ፉል ፍሬም ካሜራ ገዛሁ። ለሌንስ የተረፈኝ ጥቂት ስለነበር ያገኘሁትን ርካሽ ሌንስ ገጠምኩበት። ፎቶዎቼ አልተሻሻሉም። ክብደቱም እየከበደኝ፣ እንዳይሰረቅብኝም እየፈራሁ ካሜራውን እቤት ትቼ መውጣት ጀመርኩ። የገዛሁት ሰው እንዲያየኝ እንጂ እኔ እንዳይበት እንዳልነበር ለራሴ ማመን ከበደኝ። በሰባት ወሩ በኪሳራ ሸጥኩትና ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከ50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ጋር ገዛሁ።

ይህ በ2005 ዓ.ም. የወጣ፣ 18 ሜጋፒክሰል ያለው የጀማሪ ካሜራ ነው። ሌንሱ ሰፍቶ ስለሚከፈት ሲመሽም ይሠራል፤ የካሜራው ሴንሰር ከፉል ፍሬም ስለሚያንስ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ሆኖ ለሰው ፊት ይመቻል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ጓደኞቼ የያዙት ካኖን ስለሆነ ሌንስ መዋዋስ እንችላለን። የእናንተ ጓደኞች ኒኮን ወይም ሶኒ ከያዙ ለእናንተ የሚሻለው እሱ ነው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ሥራዎችን ስመለከት በአንዱም ፊት ቆሜ «ይህ በምን ካሜራ ተነሣ?» ብዬ እንዳልጠየቅኩ ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

6. ያገለገለ ካሜራ አያሳፍርም፤ ሳይመረምሩ መግዛት ግን ይጎዳል።

የመጀመሪያውን ሌንስ ስገዛ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ፣ ውጪውን ብቻ አይቼ፣ ለመዋዋል ቸኩዬ ነው። እቤት በስልክ መብራት ሳየው በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ተዘርግቶበታል። ሻጩ ስልኩን አላነሣም። አሁን ስገዛ ሌንሱን ከኋላ በመብራት አሳልፌ አየዋለሁ። ቀለበቶቹን አዞራለሁ፤ ፎከሱ ቅርብም ሩቅም መያዙን እሞክራለሁ። አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጌ ነጭ ግድግዳ አነሣለሁ፤ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ እጠይቃለሁ፤ ሹተር እንደ መኪና ሞተር የሚያረጅ ዕቃ ነው። ከገዛሁም በኋላ በክረምት ካሜራዬን በቦርሳ ዘግቼ አልከርምም፤ ሻጋታ ጨለማና እርጥበት ይወዳል።

7. ሰላምታ ከዙም ይበልጣል።

ሰው ፊት ቆሞ ካሜራ ማንሣት ስለምፈራ 55–250 ዙም ሌንስ ተዋስኩ። ከአደባባዩ ብዙ በማይርቀው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ደጃፋቸው ላይ ቆሎ የሚቆሉ እናት አየሁና ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አነሣኋቸው። አዩኝ። በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከሩቅ አድብቶ የሚያይ ሌባ ነው። ፎቶ ከፈለግህ መጥተህ አትለኝም?»

አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ያነሣሁትን እፊታቸው አጠፋሁት። ቆሎ ዘገኑልኝ። በሳምንቱ በ50 ሚሊሜትሩ ተመለስኩ፤ ይህ ሌንስ ዙም ስለሌለው ወደ ሰው መራመድ ግድ ይላል። መጀመሪያ ተቀመጥኩ፣ አወራን፤ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩበትን የጭቃ ቤት አሳዩኝ። ከዚያ ተነሥተው የበሩ መቃን ላይ እጃቸውን አሳርፈው «በል አሁን አንሣ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ካነሣሁት ሁሉ የምወደው ፎቶ እሱ ነው። ያየሁት ቆሎ የሚቆላ እጅ ነበር፤ የሰጡኝ ግን ቤታቸውን ነው።

8. ያላሳጠባችሁት ፎቶ ገና የእናንተ አይደለም።

ሽማግሌው «ሰው አንሥተህ ፎቶውን ካልሰጠኸው ዕዳ አለብህ» ይሉኝ ነበርና ያንን ፎቶ ፒያሳ አሳጥቤ፣ በመስታወት አስገብቼ ለእናቲቱ ወሰድኩላቸው። የቀረውን ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አከማቸሁ። ቅጂ አልያዝኩም፤ ነገ እይዛለሁ እያልኩ ነበር። አንድ ማታ ሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛ ወደቀ፤ ሁለት ዓመት ያነሣሁት አብሮት ሄደ። የአርመናዊው ፎቶ አንሺ የበድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ዘመን ፎቶዎች እኛ ዘንድ የደረሱት በመስታወትና በወረቀት ላይ ስለነበሩ ነው። አሁን ሁሉንም ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ በየወሩም አምስት ፎቶ መርጬ አሳጥባለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። እናቲቱም ከከተማው ዳር አዲስ ቤት ገቡ። አድራሻቸውን አፈላልጌ ስሄድ ፎቶው ከሥዕለ አድኅኖው ጎን ተሰቅሏል፤ የዚያ በር ምስል ከዚያች ወረቀት በቀር የትም የለም። ካሜራዬን ይዤ አልነበረም። በስልኬ ላነሣው ስል የመስኮቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ አንጸባረቀብኝ። እማማ ምንም ሳልላቸው ተነሡ፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው መስኮቱን ከለሉልኝ።

«በል አሁን አንሣ» አሉኝ።