የቤት ሥራዋን የምታሠራት አያቷ ናት

መስከረም ሲጠባ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። ደብተር ስንት ገባ? ያምናው ቦርሳ ያገለግላል ወይ? መምህሯ ማን ሆነች? ጥቅምት ላይ ወሬው ይቀዘቅዛል። ልጁ ወጥቶ ገባ፣ ዩኒፎርሙ ቆሸሸ ታጠበ፤ ክፍል ውስጥ ምን እየተማረ እንደሆነ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለነዚህ የመጀመሪያ ሁለት ወራት ነው።

የምኖረው አዊ፣ ግምጃ ቤት ነው። የልጄ ልጅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የወላጆቿ ሥራ እንጅባራ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ናት። ማታ ማታ ደብተሮቿን ስለማገላብጥ የክፍሉን አካሄድ አውቀዋለሁ። በሒሳብ እስከ አሥር መቁጠርና ቁጥሩን ከዕቃ ጋር ማዛመድ ይዘዋል። በአካባቢ ሳይንስ የሰውነት ክፍሎችን፣ ቤተሰብንና የእጅ መታጠብን ይማራሉ። በቋንቋ ፊደልና ድምፅ ነው። እንግሊዝኛም እንደ አንድ ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ስለሚጀምር ሰላምታ ለምደዋል። ከእንግሊዝኛው በቀር የሚማሩት በአዊኛ ነው።

የሌላ አካባቢ አንባቢ እንዳይቸገር ትንሽ ላብራራ። አዊኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ኽምጣኛ፣ ቅማንትኛና ኤርትራ ውስጥ የሚነገረው ብሌን ዘመዶቹ ናቸው። ከአማርኛ ጋር ረጅም ዘመን በጉርብትና ኖሯል፣ ቃልም ተበዳድሯል፤ የዘር ግንዳቸው ግን ሌላ ነው። አንዱ ኩሻዊ፣ ሌላው ሴማዊ ነው። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከወሰነው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ አዊኛ የመማሪያ ቋንቋ ሆነ። የሚጻፈውም ሁላችን በምናውቀው በግዕዝ ፊደል ነው።

ልጅቷ በመጀመሪያው ወር ይዛ ከመጣቻቸው ፊደሎች አንዱ ግን ለእኔም አዲስ ነበር፤ ጘ። «አንገት» ስንል «ን» ከ«ገ» ጋር ስትገናኝ በአፍንጫችን የምናወጣትን ድምፅ አስቡ። አማርኛ ለዚያች ድምፅ የብቻዋ ፊደል አልሰጣትም፤ አዊኛ ግን አያልፋትም። የቋንቋው የራሱ ስም «አውጚ» የሚጻፈው በዚህ ፊደል ነው። ጋዜጦች «አውንጊ» ወይም «አዊኛ» እያሉ የሚያልፉትን ስም አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በትክክል ስትጽፈው ማየት ደስ ይላል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው፤ በልጅነቴ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከቤት በአዊኛ ወጥተን ክፍል ስንደርስ አፋችን ይዘጋ ነበር። መምህሩ «ስንት ቀረ?» ሲሉ ብዙዎቻችን መልሱን እናውቀዋለን፤ ጥያቄውን ግን አልሰማነውም። በዚያ ላይ ጠ እና ጨ የመሳሰሉት ጠንካራ ድምፆች በአዊኛ ውስጥ ስለሌሉ ቃሉን ስንለው ከተሜዎቹ ልጆች ይስቁብናል። ያኔ ዝም ማለት የለመደ ልጅ ብዙ ዓመት ዝም ሲል አይቻለሁ። ከእኔ ጋር ከጀመሩት መካከል ሁለተኛ ክፍልን ያላዩ አሉ፤ ከብት ጥበቃውና እርሻው ብቻ አይደለም ያስቀራቸው።

ባለቤቴ ደግሞ ጭራሽ በልጅነቷ ትምህርት ቤት አልገባችም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ከእናቷ ጋር መማሪያው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ አዊኛ ከነዚያ አንዱ አልነበረም። ስሟን መጻፍ ተማረች፣ ከዚያ በላይ ግን አልዘለቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ «እኔ ትምህርት አይገባኝም» ስትል ኖራለች።

አሁን የልጅቷን የሒሳብ የቤት ሥራ የምታሠራት እሷ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። በአዊኛ ሁለት «ላጛ» ነው፤ ሰባት ደግሞ «ላጜታ»። ሦስትና ስምንት፣ አራትና ዘጠኝም እንዲሁ በድምፅ ይቀራረባሉ። አጥኚዎች ይህን ከአምስት በኋላ በአምስት ላይ እየጨመሩ ከመቁጠር የመጣ ነው ይሉታል። ባለቤቴ አጥኚ አላነበበችም። ሰፌድ ላይ ባቄላ ታፈስና አምስቱን ወደ አንድ ጎን ትለያለች፤ ከዚያ ሁለት ትጨምራለች፤ «ላጛ፣ ላጜታ» ትላለች። ልጅቷም አንድ እጇን ሙሉ ትዘረጋና ከሌላው ሁለት ጣት ታክላለች። ሰባት አምስትና ሁለት መሆኑን ማንም በጥቁር ሰሌዳ ሳያስረዳት ያዘችው። «ሁለት» እና «ሰባት» እያለች ብትማር ኖሮ ቃሎቹ ይህን አይነግሯትም ነበር።

ልጄ ግን ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡም የዋዛ አይደለም። ቅዳሜ ሲመጣ «አባዬ፣ ነገ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ብንዛወርስ? ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ በአማርኛ ነው። በአዊኛ የትኛውን ፈተና ልታልፍበት ነው?» ይላል። እንደሱ የሚያስቡ ወላጆች እዚህ ብዙ ናቸው። ለልጃቸው ስለሚሳሱ ነው እንጂ ቋንቋቸውን ጠልተው አይደለም። አንድ ነገር ላይ እኔም እስማማለሁ፤ በአዊኛ ለልጅ የሚነበብ ተረት፣ ሥዕላዊ መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከመማሪያው ውጭ እቤታችን አንድም የለም።

የምመልስለት ግን ይህንን ነው። ፊደሉ አንድ ነው። መ በአዊኛ መ ከሆነች በአማርኛም መ ናት። በሚገባት ቋንቋ ማንበብ የቻለች ልጅ አማርኛ ሲመጣ የምትጨምረው ጠን፣ ጨን፣ ጸንና አዳዲስ ቃላትን ነው፤ ማንበብን እንደገና አትጀምርም። እኛ ግን ሁለቱን ሸክም በአንድ ቀን ነበር የተሸከምነው፤ የማናውቀውን ፊደልና የማናውቀውን ቋንቋ። ደግሞም አማርኛው ከገበያው፣ ከሬዲዮው፣ ከጎረቤት ልጆች ይመጣል፤ ከአሁኑ ግማሹን ትሰማለች። አንደኛ ክፍል ላይ ከባዱ ጥያቄ «እችላለሁ ወይስ አልችልም?» የሚለው ነው፤ ልጅም ለዚህ መልስ የሚያገኘው የሚጠየቀው ሲገባው ነው።

ልጄ ሙሉ በሙሉ አላመነኝም። ተስማማንና ሥራ ተከፋፈልን። እሱ ቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ተረት መጽሐፍ ያነብላታል፤ በሳምንቱ ቀናት ግን ማንም በአዊኛው ትምህርት አይገባም። ተረቱን ደግሞ ባለቤቴ በቃሏ ትነግራታለች፣ እኔ በደብተር እጽፈዋለሁ። እስካሁን አራት ሆነዋል። በጘ እየተቸገርኩም ቢሆን።

አያት ለሆናችሁ፣ በየትኛውም ቋንቋ የሚማር የልጅ ልጅ ላላችሁ፣ ከዚህ ቤት የተማርነውን ላካፍል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለት «ዛሬ ምን አሳየህ? እስቲ አስተምረኝ» ማለት ይሻላል። ማንበብ ባትችሉም ደብተሩን ክፈቱለት፤ ጣቱን እያስኬደ ያነብላችኋል። ቁጥርን በእንቁላል፣ በባቄላ፣ በድንች አስቆጥሩት። ፊደል ቢያምታታ አትደንግጡ፤ መስከረምና ጥቅምት ለማምታታት የተሰጡ ወራት ናቸው። ኅዳር አልፎም ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ከሆነ ግን ከመቆጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ መምህሩን ጠይቁ። ምናልባት መልሱን ያውቀው ይሆናል፤ ያልሰማው ጥያቄውን ነው።