ሰባት ቀን በዛንዚባር መንገድ



ከዛንዚባር ከተመለስን ወዲህ ያገኘን ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ባሕሩ ነው። ባሕሩ በእርግጥ ያምራል፤ ሱብሃነላህ ከማለት በቀር ቃል አይገኝለትም። ዳሩ ግን ከሰባቱ ቀናት ብዙውን ያሳለፍነው አሸዋ ላይ ተኝተን ሳይሆን በአንዲት የኪራይ ሱዙኪ ውስጥ ተጨናንቀን ነው። እኛም ልናወጋችሁ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ዛንዚባር ስንል ዋናዋን ደሴት ኡንጉጃን ማለታችን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ እንደማለት። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም በመሆኑ ከቱሪስት ሆቴሎች ውጭ «ሐላል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ቀላል እረፍት አይደለም።

መኪናዋ መሪዋ በቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በግራ መስመር ነው። የውጭ አገር ሰው ጊዜያዊ የዛንዚባር የመንጃ ፈቃድ ማውጣት ስላለበት አከራዩ ጉዳዩን ጨርሶ ወረቀቱን ሰጠን፤ መንገድ ላይ ፖሊሶች ደጋግመው ጠይቀውናል። ልጆቹን መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር «ግራ!» ብለው እንዲጮኹ ሾምናቸው። እስከ ሦስተኛው ቀን ሥራቸውን በትጋት ተወጡ፤ ከዚያ በኋላ ሹመቱን ለማንሳት ተቸገርን እንጂ።

አከራዩ መኪናዋን የምንመልስበትን ሰዓት ሲነግረን «ሳ ንኔ» አለ። በስዋሂሊ አራት ሰዓት ማለት ነው፤ አራት ሰዓት ሲሉም እንደኛው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ማለታቸው ነው! ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ሌላው ቱሪስት ስድስት ሲደምር ስድስት ሲቀንስ እኛ እጃችን ላይ ያለውን ሰዓት መንካት እንኳ አላስፈለገንም። ልጆቻችን ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያገኙ «ሺካሞ» ማለትን ተማሩ። ትርጉሙ «እግርዎን ይዣለሁ» ነው ይባላል፤ ሽማግሌውም «መረሃባ» ብለው ይመልሳሉ። ጉልበት እየሳምን ላደግን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አልነበረም።

በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄና በጃምቢያኒ መንደሮች ባሕሩ ሲሸሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያኔ ሴቶች በቡድን ሆነው ወደተጋለጠው አሸዋ ይወርዳሉ። በእንጨት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሣር ያስራሉ፣ ያደገውንም ይለቅማሉ። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእሱ የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ ይገባል። ሥራው የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን አብዛኞቹ ገበሬዎች ሴቶች ናቸው። ብዙ እናቶች የራሳቸውን ገንዘብ በእጃቸው የያዙት በዚህ ነው። አሁን ግን የባሕሩ ውኃ እየሞቀ በመሄዱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ነው። ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ሒጃባቸውን በካንጋ አጥብቀው ሲሠሩ ባየናቸው ጊዜ አጠገባቸው በዋና ልብስ እያለፈ ፎቶ የሚያነሳቸው ጎብኚ ቢያሳፍረን አይፈረድብንም። እኛ የምንዋኘው ከፈጅር ሶላት በኋላ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ዳርቻው ባዶ ስለሆነ እናትም ሴት ልጅም ሳይሳቀቁ ውኃ ይገባሉ። ለመሰል ቤተሰቦች የምንመክረው ይህን ነው።

የጆዛኒን ደን በግማሽ ቀን ጎበኘን። በዱር ከዛንዚባር ውጭ የማይገኘው ቀይ ጉሬዛ የሚኖረው እዚህ ነው። የኛው ጉሬዛ ዘመድ ነው፤ ጀርባው ግን ቀይ ነው። በመኪና ይገጩ ስለነበር አስፋልቱ ላይ ማብረጃ ጉብታ ተሠርቶላቸዋል።

በደቡብ በኩል ማኩንዱቺ አጠገብ ጎማችን ተነፈሰ። ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ወጣቶች ጨዋታቸውን ትተው መጥተው ቀየሩልን፤ ገንዘብ ስንዘረጋላቸው ሳቁብን። ከዚያ ብዙም ሳንርቅ የኪዚምካዚ መስጊድ አለ። ከውጭ ቆርቆሮ የለበሰ ተራ ቤት ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ሚሕራቡ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ የኩፊ ጽሑፍ ይታያል፤ ዓመቱ ሂጅራ 500 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1107 መሆኑ ነው። አሁን ያለው ግንብ በኋላ ዘመን የታደሰ ቢሆንም ጽሑፉ የጥንቱ ነው። ቱሪስቱ ወደዚህ መንደር የሚመጣው ዶልፊን በጀልባ ለማባረር ስለሆነ ዙህርን የሰገድነው በጸጥታ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከሰሜን ስንመለስ ማንጋፕዋኒ ላይ ቆምን። እዚያ ከመሬት በታች ከኮራል ድንጋይ ተፈልፍሎ ጣሪያ የተደፋበት ጠባብ ክፍል አለ። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት የዛንዚባርን የባሪያ ገበያ የዘጋው በ1873 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ንግዱ ግን በስውር ቀጠለ፤ ሰዎቹም እስኪጫኑ ድረስ የሚደበቁት እንዲህ ባለ ቦታ ነበር። ልጆቹ ወርደው አዩ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጃችን ሲወጣ «የሸጧቸው ሙስሊሞች ናቸው?» አለን።

ቀለል ያለ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ፈረንሳዮች ባሪያ ለደሴቶቻቸው እርሻ እንደገዙ፣ በሌላው የአፍሪካ ዳርቻም አውሮፓውያን ብዙ ሰው በመርከብ እንዳጋዙ መንገር እንችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ የተጠየቅነው ግን እሱን አልነበረም። ስለዚህ «አዎን፣ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ» አልነው። ከታንጋኒካ ሐይቅ ማዶ ድረስ እየዘለቀ ሰውና የዝሆን ጥርስ ያመጣ የነበረው ቲፑ ቲፕ ከነዚያ አንዱ ነበር፤ ቤቱ በስቶን ታውን ዛሬም ቆሟል። ልጃችን ስለ ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) በመድረሳ የተማረውን አስታወሰ፤ አቡበክር (ረ.ዐ.) በገንዘባቸው ነጻ እንዳወጡት፣ ከዚያም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን እንደሆነ።

«ታዲያ እነዚህ ስለ ቢላል አያውቁም ነበር?» አለ።

«ያውቁ ነበር» አልነው።

ከዚያ በኋላ በመኪናዋ ውስጥ «ግራ!» የሚል አልነበረም። መግሪብ ሲደርስ በመንገዳችን ባገኘነው የመንደር መስጊድ ቆምን። በሰልፉ ውስጥ መልካቸው ዓረብ የሚመስሉም፣ የጠቆሩም፣ ሕንድ የሚመስሉም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው በዚያ ገበያ የትኛው ወገን ላይ እንደቆሙ ከፊታቸው ማንበብ አይቻልም። ልጃችን ሶላቱ ካለቀ በኋላም ቶሎ አልተነሳም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ሰዎቹን አንድ በአንድ ይመለከት ነበር።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ መኪናዋን መለስን። ልጃችን አዲስ አበባ እንደገባን ጥያቄውን ለቁርኣን አስተማሪው ይዞ ሄደ። ኡስታዙ እስከ ጁምዓ እንዲጠብቀው ነግሮታል።