ካሜራውና ማማው

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ከዱር አራዊት ጋር ያለን ዝምድና የሩቅ ነው። አንበሳን ልጅ ሳለን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄደን በፍርግርግ አየነው። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ሳንቲም ላይ ነው። ጭላዳን ወደ ደብረ ሊባኖስ ስንሄድ ከመኪና መስኮት። ሌላው ሁሉ በስክሪን።

ሰሞኑን ደግሞ ብሶብናል። ናሚብ በረሃ ውስጥ፣ ናሚቢያ፣ አንድ ኩሬ አለ። አጠገቡ ካሜራ ተተክሎ ሌት ተቀን በዩቲዩብ በቀጥታ ያስተላልፋል። ሳላ ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል። የሜዳ አህያ ይመጣል። ሰጎን ይመጣል። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ማንም አይመጣም። እኛም ማንም የማይመጣበትን ኩሬ ቁጭ ብለን እናያለን፤ ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ጨዋታ፣ «አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል» እያልን። ናሚቢያ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ስለምትዘገይ የእነሱ ሌሊት የእኛም ሌሊት ነው። ቀበሮዋ ግራ ቀኝ አይታ፣ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ፓኬጅ ያልቃል። (ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረን።)

በዚህ መሀል ነው አንዳችን «ለምን የራሳችንን አናይም?» ያለው። ከመካከላችን ቦንጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስላለ ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ካፋ እኮ ነው! ቡና ከደን ውስጥ ያለማንም ትእዛዝ የሚበቅልበት አገር። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ የመዘገበው፣ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ ምድር። ነብር አለ፣ ጎሽ አለ፣ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አንድ ካሜራ መትከል ምን ያቅታል?

ያቅታል። የበረሃው ካሜራ ምስጢሩ ካሜራው ሳይሆን ጥማቱ ነው። ሌላ ውኃ በሌለበት ምድር አንድ ኩሬ ካለ፣ አውሬው ሁሉ ወደዚያ ከመምጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ካፋ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይዘንባል። ውኃ በየእግርህ ሥር ነው። ካሜራህን የትኛው ምንጭ አጠገብ ተክለህ ማንን ትጠብቃለህ? ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት ያለውን አያሳይም። መብራቱንና ኔትዎርኩን አናንሳው።

ስለዚህ እንደዚህ ባለ ደን የሚሠራው ሌላ ዓይነት ካሜራ ነው፤ የካሜራ ወጥመድ የሚሉት። በባትሪ ይሠራል፣ ግንድ ላይ ይታሰራል፣ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስበት ብቻ ቀጭ ያደርጋል። ባለቤቱ ከሳምንታት በኋላ ሄዶ ካርዱን ያወጣል። ቀጥታ ስርጭት አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ከመቶው ፎቶ አብዛኛው ቅጠል፣ አንዳንዱ የራሱ የባለቤቱ ጉልበት ይሆናል። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን አማራ ክልል ውስጥ፣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በእንዲህ ያለ ካሜራ አንበሶች ተነሱ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ተባለ። ካፋ ደን ውስጥም አንበሳ ፎቶ መነሳቱ የተነገረው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

የቦንጋው ጓደኛችን እዚህ ጋ ሳቀብን። «ተገኙ» የምትለዋ ቃል ናት ያሳቀችው። «አጎቴ ቢሰማ፣ መቼ ጠፉ ይላችኋል» አለ።

አጎቱ ማማ አላቸው። ለማታውቁት፣ ማማ ማለት ማሳ መሀል በአራት እንጨት ላይ የሚሠራ ቆጥ ነው። ደን አጠገብ የሚያርስ ሰው፣ በቦንጋ ዙሪያም ሆነ በሌላ የደቡብ ምዕራብ ገጠር፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ ሌሊቱን እዚያ ላይ ነው የሚያድረው። ሌሊት አሳማና ጃርት ይመጣል። ቀን ቀን ዝንጀሮና ጦጣ ይወርዳል፤ ያን የሚጠብቁት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። እሸቱ የሚደርሰው ደግሞ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወር ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን የመስከረም ሳምንታት ከክፍል የሚቀር ልጅ አለ። እኛ ለመዝናናት የምናድረውን ሌሊት እነሱ ለእንጀራ ያድሩታል። ደኑ ተጠብቆ ሲቆይ የምናጨበጭበው እኛ፣ ዝንጀሮው የሚበላው የእነሱን። ስለ ባዮስፌር የሚጻፈው ሁሉ ስለ ጉሬዛው ውበት እንጂ ስለዚህ ሒሳብ ብዙም አያወራም፤ እኛን ያናደደን ይኸ ነው።

ጓደኛችን ባለፈው ለማሽቃሬ ባሮ በዓል አገሩ ሲሄድ የናሚቢያውን ኩሬ ለአጎቱ በስልክ አሳያቸው። ቦንጋ ከተማ ነበሩ፤ ኔትዎርክ አለ። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩ።

«ይኼ ማሳ የማን ነው?»

«ማሳ አይደለም ጋሼ፣ በረሃ ነው። ማንም አያርሰውም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ማንንም። ዝም ብለው ያያሉ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «አውሬ ሲገባ ይጮሃል?» አሉ። አይጮህም፣ ያሳያል እንጂ ሲላቸው ስልኩን መለሱለት። «ማየቱንማ እኔም አያለሁ።»

ዘመኑ ከፈቀደ እዚያ ማማ ላይ አንድ ካሜራ እንዲተከል እንፈልጋለን። ጉሬዛ ለማየት አይደለም። ሰውዬው ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ፣ ከስንት ረድፍ በቆሎ ስንቱ እንደሚተርፍ፣ የትኛው ልጅ ስንት ቀን ከትምህርት እንደቀረ ለማየት ነው። የአንበሳው ፎቶ ዓለምን ከዞረ ይኼኛውም ቢያንስ ወረዳ ይድረስ።

በዚያው ሌሊት ጓደኛችን ከአጎቱ ጋር ማማው ላይ ወጥቶ ደወለልን። ምስል የለም፤ እዚያ ኔትዎርኩ ድምፅም በግድ ነው የሚያደርሰው። ዝናብ ይሰማል። ከዚያ ጣሳ ሲቀጠቀጥ፣ ሽማግሌው ሲጮኹ፣ ከበቆሎው ውስጥ የሆነ ከባድ ነገር እየሰበረ ሲሮጥ። እኛ አዲስ አበባ ስልኩን ላውድ አድርገን ከበነዋል።

«ምንድነው የመጣው?» አልነው።

«እኔ እንጃ፣ ጨለማ ነው» አለ። «ጋሼ አሳማ ነው እያሉ ነው።»