እኔም እበት ውስጥ ነው ያደግሁት

አንዲትን ትልቅ ሴት በገዛ ልጅነቴ ዝም አሰኝቻለሁ።

በሰሜን ካሮላይና በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ አብረን እንሠራ ነበር። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ቤታቸው ዱፕሊን አውራጃ ነው፤ የአሳማው ቁጥር ከሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የአሳማ እርባታ ጎረቤቶች የሚያገኙትን ካሳ የሚገድብ ሕግ ሊያወጣ ሲል፣ መንደርተኛው ቀርቦ ሊናገር ተነሣ። ከሥራ ስንወጣ ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ስለነበርኩ ሽታውን አውቀዋለሁ። አብሬያቸው ሄጄ እንድመሰክር ለመኑኝ።

«እኔም እበት ውስጥ ነው ያደግሁት» አልኳቸው። «ወለላችን የሚለቀለቀው በእበት፣ እንጀራችን የሚጋገረው በኩበት ነበር። የገጠር ሽታ ሰው አይገድልም።»

ዳግመኛ አላነሡብኝም። እኔም እንዳመኑኝ ቆጠርኩት። አሳማ ስለማልበላ ጠቡ የሌሎች ይመስለኝ ነበር፤ ይህንንም አብሬ እናዘዛለሁ።

የእናቴ እበት የጥቂት ከብት ነበር፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እሳት ይጨርሰዋል። በዱፕሊን ግን በሺህ የሚቆጠሩ አሳማዎች ሽንትና እዳሪ በወለሉ ሽንቁር ወርዶ፣ በውሃ ታጥቦ፣ ክዳን ወደሌለው ሰፊ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ አየር አጥቶ ሲብላላ አሞኒያና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። ጉድጓዱ እንዳይሞላ ደግሞ ፈሳሹ በትልልቅ መርጫ እርሻ ላይ ይረጫል፤ ነፋስ ሲነሣ ብናኙ ከተሰጣ ልብስ ላይ፣ ከሰው ደጅ ላይ ያርፋል። ክፍለ ግዛቱ አዲስ ጉድጓድ መቆፈርን በ1997 አግዷል። የነበሩት ግን እንደነበሩ ናቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስቲቭ ዊንግ የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሽታው ሲበረታ የጎረቤቶቹ የደም ግፊት ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የእኒህን ሴት ግፊት ሥራ ቦታ ስንት ጊዜ በእጄ ለካሁ! ሲያሻቅብ «ጨው ይቀንሱ» እላቸው ነበር። ምክንያቱን ሊነግሩኝ ሲሞክሩ ያቋረጥኳቸው ግን እኔ ነኝ።

ሕጉ አገረ ገዢው ቢቃወሙትም ጸደቀ። በ2018 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አዲስ ክስ መመሥረትን የማይቻል ያህል አከበደው። አስቀድመው የከሰሱ ጎረቤቶች በፌዴራል ፍርድ ቤት በታዩት አምስት ችሎቶች ሁሉ ረትተዋል። የሥራ ባልደረባዬ ግን ከከሳሾቹ መካከል አልነበሩም፤ በሩ ሲዘጋ ውጭ ቀሩ።

የእኔ ቃል ሕጉን ያስቀር ነበር አልልም። እሳቸው ግን ብቻቸውን ባልቆሙ ነበር። ዘግይቼም ቢሆን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ይቅር አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፦ እበትን እንደሚያውቅ ሰው፣ ልዩነቱን ለማይቀበሉት እንድናገር። የእርባታዎቹ ፈቃድ ሲታደስ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። እዚያ ቀርቤ እናገራለሁ።