ከፒካሶ ሰሌዳዎች

ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ባርሴሎና ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ህትመቱ ጦር የያዘ የኮርማ ፍልሚያ ተዋጊ ነው። ሰሌዳው ላይ በቀኝ እጁ የተያዘው ጦር ወረቀት ላይ ሲታተም በግራ ሆነ። ልጁ ሠዓሊ ሌላ ሰሌዳ አላነሳም፤ ሥዕሉን «ግራኙ» አለውና አረፈው።

*

በ1904 ለአዲስ ሰሌዳ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ሌላ ሠዓሊ መልክዓ ምድር የሠራበትን ዚንክ ፍቆ የድሃ ጥንዶችን ገበታ ሣለበት። አሁን ያ የድህነት ገበታ በጨረታ ሚሊዮኖች ያወጣል።

*

የመዳብ ሥራ ለመርፌ እንጂ ለብሩሽ አይመችም። በብሩሽ የሚሠራበትን መላ ላኩሪየር የተባለው የፓሪስ አታሚ ለፒካሶ አሳየው። ስኳር በቀለም በጥብጦ በብሩሽ መዳቡ ላይ መሣል፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ መቀባት፣ ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር። ስኳሩ ሲሟሟ የላዩን ቫርኒሽ ይዞት ይነሳል፤ አሲዱም የተራቆተውን ብቻ ይበላል። ለተፈጥሮ ተመራማሪው ለቡፎን መጽሐፍ በሠራቸው እንስሳት ላይ የሚታየው የብሩሽ ፍጥነት የዚህ ስኳር ውለታ ነው።

*

ፓሪስ በሚገኘው በሙርሎ የሊቶግራፊ (የድንጋይ ህትመት) ቤት፣ ከ1945 መጨረሻ እስከ 1946 መጀመሪያ፣ አንድ ኮርማ በ11 ደረጃ ከስቶ ጥቂት መስመር ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የመጨረሻውን ነው፤ እኔ ግን ሥጋው ገና ያላለቀውን መካከለኛውን እመርጣለሁ። ደግሞስ አታሚዎቹ በየደረጃው ናሙና ባያነሱ ማን ያየው ነበር?

*

ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ከሄደ በኋላ ናሙና ከፓሪስ እስኪመጣ መጠበቅ አልሆነለትም። ቫሎሪስ ከተማ ውስጥ አርኔራ የሚባል አታሚ አገኘና ወደ ሊኖሊየም ዞረ። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ሰሌዳ መቅረጽና ማገጣጠም ሲያሰለቸው ሁሉንም ከአንድ ሰሌዳ ማውጣት ያዘ፦ ትንሽ ቀርጾ ፈካ ያለውን ቀለም በሁሉም ወረቀት ላይ ማተም፣ እንደገና ቀርጾ ጠቆር ያለውን መደረብ። ሥዕሉ በሞላ ቁጥር ሰሌዳው ይጎድላል። አንድ የተሳሳተ ቅርጽ የታተመውን ሁሉ ይዞት ይጠፋል፤ ወደኋላ መመለሻ የለም።

*

ላኩሪየር፣ ሙርሎ፣ አርኔራ። ከህትመቱ ግርጌ የሚፈረመው ግን አንድ ስም ነው። ጠላ ጠማቂዋ ተረስታ ድግሱ በጋባዡ ስም እንደሚጠራው ነው።

*

በ1968፣ በ86 ዓመቱ፣ ሙዣን ውስጥ ከአታሚዎቹ ከክሮምሊንክ ወንድማማቾች ጋር ከማርች አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ 347 ሰሌዳ ሠራ፤ በሁለት ቀን ከሦስት በላይ መሆኑ ነው። ሁሉም ድንቅ ነው የሚለኝን አልሰማም፤ ወጣ ወጣ ያሉትን ለይቶ ቀሪውን ያለ ጸጸት መተው ይቻላል። አሲድና ቫርኒሽ የሚያሰናዱት ሁለቱ ወንድማማቾች ግን አንዱንም መዝለል አልቻሉም።