በየትኛው «ሰ» ይጻፋል?

«እማዬ፣ በየትኛው ‹ሰ› ነው?» ሲባሉ «ሁሉም ያው ነው» የሚሉ እናቶች ብዙዎች ናቸው። ያው ግን አይደለም። በግዕዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሰዐለ» ደግሞ ጉንፋን ይዞት ሳለ ማለት ነው።

ይህን ለይቶ ለማቆየት ሦስት ትውልድ ደክሟል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፉት። እሳቸው ካረፉ በኋላ አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ።

እኔ በጋዜጠኝነት ሥራዬ በተጠራጠርሁ ቁጥር መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። ትምህርቷን ያቋረጠች እናትም ከልጇ ጋር ልትገልጥ ትችላለች። «ቆይ፣ አብረን እንየው» ማለት ዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ልጅን ማስተማር ነው።